የዓሣ አስጋሪ የጎማ ሱሪ አመራረጥ፦ ከከላላ ደጋ ወደ ጀማ ለሚወርድ

የጎማ ሱሪ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ፣ ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ጭን፣ እስከ ወገብ ወይም እስከ ደረት ድረስ ውሃ የማያስገባ ልብስ ነው። አንዳንድ ሱቆች ዌደር ይሉታል። መረብ የሚዘረጋ፣ መንጠቆ የሚጥል፣ የዓሣ ኩሬ የሚያጸዳ፣ የመስኖ ቦይ የሚጠርግ ሁሉ ይገለገልበታል። ገዢን ዘወትር የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነው፤ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ጥቂት ሳምንት ከተሠራበት በኋላ ግን ውሃው ከብሽሽቱ ስፌት ወይም ከተረከዙ በኩል መግባት ይጀምራል። የሚከተሉት ደረጃዎች በተለይ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለሚኖርና ለማስገር ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው የተሰናዱ ናቸው። በተቀደደው ምትክ ሌላ ለመግዛት ደሴ ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ በሚያስፈልግበት አገር፣ ጥሩ የሚባለው ሱሪ እዚያው ሊጠገን የሚችለው ነው፤ ምርጫው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ እና ውሃ ውስጥ ከሥር የሚለበስ ተራ ሱሪ። እነዚህን ሳይዙ ገበያ መውጣት በግምት እንደመግዛት ነው።

1. ውሃውን አስቀድሞ ማወቅ

ብዙ ሰው ከሱሪው ይጀምራል፤ መጀመር ያለበት ግን ከውሃው ነው። ከከላላ ደጋ ወደ ደቡብ ሲወረድ የጀማ ሸለቆ ይገኛል። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ያለው የአባይ በረሃ ነው፤ ወለቃም በሽሎም የሚገቡት ወደዚያው ወደ አባይ ነው። እነዚህ ወንዞች በክረምት ደለል፣ ግንድና ድንጋይ ተሸክመው ይሞላሉ፤ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላው ላይ ፀሐይ እያለ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በዚያ ወቅት ወደ ወንዙ የሚገባን ሰው የትኛውም ልብስ አያድነውም። ስለዚህ ለምርጫው መለካት ያለበት የበጋው ውሃ ነው። ከኅዳር ወዲህ ወንዙ እየቀነሰ ይሄድና በአሸዋና በጥቁር ድንጋይ መካከል ኩሬ ኩሬ እየሆነ፣ መካከሉ ላይ በቀጭን ወራጅ ብቻ ተያይዞ ይቀራል። አምባዛም ሆነ ሌላው የወንዝ ዓሣ የሚጠራቀመው በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ረጅም ዱላ ላይ የአስጋሪው ጉልበት፣ ጭንና ወገብ የሚደርስበት ቦታ በቢላዋ ምልክት ይደረጋል፤ ዘወትር መረብ በሚጣልባቸው ሦስት አራት ቦታዎች ከዳር እየተጠጉ ዱላው ይተከላል። አብዛኛው ቦታ ከጉልበት ምልክት በታች ከሆነ ውድ ሱሪ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የተለመደው ስህተት በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያጋጥም ጥልቅ ቦታ ሲባል የዓመቱን ሥራ የሚያከብድ ልብስ መግዛት ነው። ደግሞም በአባይ ሸለቆ አዞና ጉማሬ ስላለ፣ ጥልቅና ደፍራሽ ኩሬ ውስጥ ደረት ድረስ መግባት በማንኛውም ልብስ የሚመከር አይደለም።

ከጥልቀቱ ሌላ የውሃው ጤንነትም ይታሰባል። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በኢትዮጵያ በዝግታ በሚፈስ ወይም በቆመ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ደጋ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ ምንጭ ከዚህ አንጻር ብዙም አያሰጋም፤ ሐይቅ ዳር፣ ጣና ዳር ወይም ቆላ ባለ የመስኖ ቦይ ውስጥ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። የበሽታው እጭ ቆዳን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በስቶ ይገባል፤ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣውም ቀን ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ የሚሠራ ሰው ሱሪውን የሚገዛው ከብርድ ይልቅ ለበሽታው ብሎ ስለሆነ፣ ጥልቀቱ ጉልበት ብቻ ቢሆንም ከጉልበት የሚያልፍ ልብስ ያስፈልገዋል፤ ከላይ ተርከፍክፎ የሚገባ ውሃ የገዛበትን ምክንያት ያፈርሰዋልና። አልቅት ባለበት ረግረግም እንዲሁ ነው።

2. ቁመቱን መወሰን

እዚህ የሚታዩት ሦስት ቁመቶች ናቸው። የመጀመሪያው እስከ ጉልበት የሚደርሰው የታወቀው ቦት ጫማ ነው። በክረምት የከላላና የጀማ ወረዳ ዋልካ አፈር ላይ የሚለበሰውም ይኸው ስለሆነ ሁለት ሥራ ይሠራል። ከጉልበት በታች ላለ ወራጅ፣ ከዳር ሆኖ መንጠቆ ለሚጥል ሰው ይበቃል። በባሌ ተራሮች ዙሪያ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ትራውት የሚያጠምዱ እንግዶች እስከ ደረት የሚደርስ ልብስ ይዘው ይመጣሉ፤ ይሁን እንጂ እዚያም በበጋ ብዙው ቦታ በቦት ጫማ የሚሻገር ነው።

ሁለተኛው እስከ ጭን የሚደርሰው ነው። በቀበቶ ላይ በማሰሪያ ይንጠለጠላል፤ ሙቀት ሲበዛ ወደ ጉልበት ተጠቅልሎ ይወርዳል። ለጀማና ለወለቃ የበጋ ውሃ ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው። ሁለቱ እግሮች የተለያዩ በመሆናቸው ቶሎ የሚያልቀው የብሽሽት ስፌት የለውም፤ አንዱ እግር ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል። ቀላል ስለሆነም ተጠቅልሎ በጀርባ ይታዘላል። ከደጋው ጠርዝ ወንዙ ድረስ ሰዓታት የሚፈጅ ቁልቁለት ወርዶ ማታ ያንኑ አቀበት ለሚወጣ ሰው ክብደት ከዋጋ የማይተናነስ ጉዳይ ነው። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ አንድ እግር ጉድጓድ ከገባ ውሃው ከላይ ይሞላል።

ሦስተኛው በማንገቻ ትከሻ ላይ የሚያዝና እስከ ደረት የሚደርሰው ነው። ይህ የሚያስፈልገው ኩሬ ውስጥ ገብቶ መረብ ለሚጎትት፣ በጣና ደለላማ ዳርቻ ለሚሠራ፣ ወይም ብልሃርዚያ ባለበት ውሃ ረጅም ሰዓት ለሚቆም ነው። ጣና እጅግ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ገባ ገባ እያለ የሚጠልቅ ሐይቅ በመሆኑ ከዳር ርቆ መሄድ ያስችላል። የወሎው ሐይቅ ግን ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነው፤ ዳሩም በብዙ ቦታ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ከጥቂት እርምጃ በኋላ የደረት ሱሪም አያገለግልም፣ የሚያስፈልገው ጀልባ ነው።

በማኅበር ለሚያሰግሩ ሰዎች አንድ ብልሃት አለ። አራት ሰው መረብ ሲጎትት ጥልቁን ጫፍ የሚይዘው አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው። ለሁሉም የደረት ሱሪ ከመግዛት ለጥልቁ ጫፍ አንድ ጠንካራ የደረት ሱሪ፣ ለሌሎቹ የጭን ቦት መግዛት ይሻላል። የጋራው ሱሪ በትልቅ እግር ልክ ይገዛል፤ ትንሽ እግር ያለው ካልሲ ይደርብበታል።

3. የተሠራበትን ነገር መምረጥ

ገንዘቡ የሚጠፋውም የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው በአራት ይከፈላል።

ጎማ። ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራው ከባድ ነው፤ ነገር ግን እሾህ ቢወጋው የመኪና ከመነዳሪ በሚጠገንበት ልጣፍና ማጣበቂያ ይጠገናል። ይህን የማይችል ጎሚስታ የለም። ጠላቱ ፀሐይ፣ ቅባትና ነዳጅ ነው። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የከረመ ጎማ በመጀመሪያ ላዩ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ልጣፍ አይዝም። በሱቅ በር ላይ ወራት ተሰቅሎ ፀሐይ የበላው ሱሪ አዲስ ነው ተብሎ ሲሸጥ ዋናው መለያ ይህ ነው፤ ጎማው በጣት ተወጥሮ ሲታይ ስንጥቅ ካወጣ ይተዋል።

በፒቪሲ የተለበጠ ናይሎን። ርካሹና በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። የተሻለው ዓይነት የጨርቁ ጠርዞች በሙቀት ቀልጠው የተበየዱበት ሲሆን፣ ያነሰው ዓይነት ተሰፍቶ ከላይ ቀጭን ጥብጣብ የተለጠፈበት ነው። ብርድ ፒቪሲን ያደርቀዋል። በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ሱሪ ጠዋት በኃይል ሲዘረጋ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ቤት ውስጥ ማደር አለበት። በሱቅ ውስጥ አንዱን ጠርዝ አጥብቆ አጥፎ መልቀቅ ነው፤ መታጠፊያው ነጭ መስመር አውጥቶ የሚቀር ከሆነ ልባጡ ደርቋል። አጠጋገኑ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ለጎማ የሚሆነው ማስቲሽ በፒቪሲ ላይ በመጀመሪያው ቀን የያዘ ይመስላል፤ ፒቪሲውን የሚያለሰልሰው ቅባት ወደ ማጣበቂያው እየገባ ስለሚያላላው ግን ቆይቶ ይላቀቃል። ለፒቪሲ የሚሆነው የፖሊዩሬቴን ወይም ለፒቪሲ ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ነው፤ ሱሪው በተገዛበት ዕለት አብሮ መገዛት አለበት። ከካርቶኑ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ከወጣም ለልጣፍ የተዘጋጀ ነውና አይጣል።

ኒዮፕሪን። ውስጡ በአረፋ መልክ አየር የያዘ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሙቀት ይይዛል፤ ጎህ ሲቀድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የሚወዳደረው የለም። ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ራሱ በአብዛኛው ከዚሁ ነገር የሚሠራ በመሆኑ ኒዮፕሪንን ከምንም በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሊስትሮውም ጫማ ሠሪውም ሊጠግነው ይችላል። ነገር ግን ለጀማና ለአባይ በረሃ አይሆንም። ቆላው ላይ እኩለ ቀን ላይ ኒዮፕሪን የለበሰ ሰው ከውሃው ይልቅ በላቡ ይበሰብሳል። ቀስ ብሎ የሚደርቅ መሆኑም ሌላ እንቅፋት ነው።

የሚተነፍስ ጨርቅ። በንብርብር ጨርቅ መካከል በጣም ቀጭን ሽፋን አለው፤ የላብ ተን ያስወጣል፣ ውሃ ግን አያስገባም። ከሁሉም የሚመቸው፣ ከሁሉም የሚቀለውና ከሁሉም የሚወደደው ይህ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲልክ ብዙ ጊዜ የሚልከው ይህንን ነው። መጥፎነት የለውም፤ ሆኖም የአጋምና የግራር እሾህ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያበጅበታል፤ የሚጠገንበት ልዩ ማጣበቂያም አገር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ማጣበቂያው አብሮ ካልተላከ ስጦታው ግማሽ ነው።

ለምዕራብ ደቡብ ወሎ አስጋሪ እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፦ ለጭን ቁመት ጎማ፣ ለደረት ቁመት የተበየደ ፒቪሲ። ኒዮፕሪን የሚታሰበው ሥራው ዓመቱን ሙሉ በቀዝቃዛ ኩሬ ላይ ከሆነ ብቻ ነው።

4. እግሩንና ሶሉን ማየት

አንዳንዱ ሱሪ ቦት ጫማው አብሮ የተያያዘ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እግሩ ካልሲ መሰል ሆኖ ከላይ ሌላ ጫማ ይደረብበታል። የተያያዘው ለእኛ አገር ይሻላል። ለመልበስ ይፈጥናል፣ ተጨማሪ ጫማ አያስገዛም፣ በጫማውና በካልሲው መካከል የሚገባ ጠጠርም የለበትም። ያ ጠጠር ካልሲውን በአንድ ቀን ይበሳዋል።

ሶል በሥራው ይመረጣል። ለደለልና ለጭቃ ጥርሱ ጥልቅና የተራራቀ የጎማ ሶል ያስፈልጋል። አረንጓዴ ዝልግልግ ለያዘ ድንጋይ ከታመቀ ጨርቅ የተሠራ ሶል ይበልጥ ይይዛል፤ ሆኖም ጭቃ ላይ ያንሸራትታል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ባዕድ አልጌ ተሸክሞ ይሄዳል። ኒውዚላንድ በዚህ ምክንያት በ2008 እ.ኤ.አ. አግዳዋለች። የጀማ ዳር ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ድንጋይ ስለሆነ ጥርሳም የጎማ ሶል መውሰድ ነው።

5. ልክ መለካት

ርካሽ የደረት ሱሪዎች የሚሸጡት በጫማ ቁጥር ብቻ ነው። ፋብሪካው 42 ቁጥር የሚያደርግ ሰው ሁሉ አንድ ቁመት እንዳለው ቆጥሮ ስለሚሰፋ፣ ረጅምና ቀጭን የሆነ ሰው ብሽሽቱ ይወጠርበታል፤ አጭሩ ደግሞ ጨርቁ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይከማችበታል። የተወጠረው ስፌቱ ይተረተራል። የተከማቸው ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ እርስ በርስ እየተፋተገ ያልቃል። በሁለቱም የሚጠፋው ያው ሱሪ ነው።

ስለዚህ መለካት ያለበት እግር ብቻ አይደለም። ገዢው ጫማ አውልቆ ወፍራም ካልሲ ያደርጋል፤ ከብሽሽት እስከ መሬት ያለው ርዝመት በሜትር ይለካል፤ በሱሪው ላይም ከብሽሽቱ ስፌት እስከ ሶሉ ይለካል። ሱሪው ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ቀጥሎ ተለብሶ ይሞከራል፦ ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ማለት፣ አንድ እግር በርጩማ ላይ ማውጣት፣ መንበርከክ። ከሦስቱ በአንዱ ብሽሽቱ ከተወጠረ ልኩ አይደለም፤ ሻጩ “ይለቃል” ቢልም ፒቪሲና ጎማ እንደ ቆዳ ጫማ አይለቁም። ጫማው ውስጥ ጣቶች መንቀሳቀስ አለባቸው፤ የተጨናነቀ እግር ደም በደንብ ስለማይዘዋወርበት ውሃ ውስጥ ቶሎ ይደነዝዛል።

ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው፣ ለዘመዱ ቁጥር ከመንገር ይልቅ የእግሩን ርዝመት በሳንቲ ሜትር ቢልክ ይሻላል። አሜሪካ 9 ቁጥር የሚባለው የወንድ ጫማ እዚህ 42 ገደማ ነው፤ ብዙ የተሳሳተ ዕቃ የሚመጣው በዚህ ልዩነት ነው።

6. ሱቅ ውስጥ መመርመር

ሻጩ ቢቸኩልም ይህ አሥር ደቂቃ መዝለል የለበትም። የእጅ ባትሪው በርቶ በሱሪው ውስጥ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ሱቁ ጨለም ባለበት ጥግ ከውጭ ሲታይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካለ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ስፌቶች በጣት እየተዳሰሱ ይታያሉ። በተለይ ሦስት ቦታዎች፦ አራት ስፌቶች የሚገናኙበት ብሽሽት፣ ጨርቁ ከቦቱ ጋር የሚጣበቅበት ዙሪያ፣ እና የማንገቻው ሥር። ጥብጣቡ በጥፍር ሲነካ ጫፉ ከተነሳ ውሃ ሲነካው ይላጣል። ጉልበቱ ላይ ሁለተኛ ድርብ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ አስጋሪ ድንጋይ ላይ መንበርከኩ አይቀርምና።

የማንገቻው ዘለበት ከምን እንደተሠራ ይታያል። ፕላስቲክ ሲሆን በቀላሉ ይሰበራል፣ ነገር ግን አይዝግም፤ ብረት ከሆነ ያልዛገ መሆኑ ይጠበቃል። ከሁሉ በላይ የወገብ ቀበቶ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ከሌለ ለብቻው ይገዛል።

7. ዋጋውን ማስላት

ርካሽና ውድ የሚባለው በዓመት ተከፍሎ ሲታይ ነው። እንበል አንዱ ሱሪ በ4,000 ብር ተገዝቶ አንድ በጋ ብቻ ቢያገለግል፣ ሌላው በ7,000 ብር ተገዝቶ ሦስት በጋ ቢቆይ፣ የመጀመሪያው በዓመት 4,000 ብር ሲያስወጣ ሁለተኛው 2,300 ብር ገደማ ብቻ ያስወጣል። በዚህ ላይ የደሴ ወይም የአዲስ አበባ መመላለሻ ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል። በሌላ በኩል በወር አንድ ቀን ብቻ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው ውዱን ገዝቶ ጨርቁ በዕድሜ እንዲደርቅበት ማድረግ የለበትም፤ ፒቪሲም ጎማም ሳይለበሱም ያረጃሉ።

የሚገዛበትን ቦታ በተመለከተ፣ የሠራተኛ ደህንነት አልባሳት የሚሸጡ ሱቆች ከስፖርት ዕቃ ሱቆች የተሻሉ ናቸው። ለግንባታና ለፍሳሽ ሠራተኞች የሚመጣው ወፍራም ልብስ መልኩ አያምርም እንጂ ለአስጋሪ ከተባለው ቀጭን ልብስ ይልቅ ጉልበት አለው። ያገለገለ ሱሪ መግዛት የሚያዋጣው ከተሞከረ ብቻ ነው፤ ሁለት ቦታ የተለጠፈ ቢሆን ችግር የለውም፣ ብሽሽቱ ላይ የተለጠፈ ግን ባለበት ይቅር።

8. ከወንዝ በፊት መሞከር

አዲሱ ሱሪ የመጀመሪያ ፈተናውን ቤት ውስጥ ቢያልፍ ይሻላል፤ ሻጩ ሊቀይር የሚችለው ጭቃ ያልነካውን ነውና። ውሃ ሞልቶ መስቀል የተለመደ ስህተት ነው። የውሃው ክብደት ስፌቱን ወጥሮ ደህናውን ያበላሸዋል። ትክክለኛው መንገድ ጎሚስታ ከመነዳሪ የሚፈትሽበት ነው፤ የሱሪው አፍ ተጠቅልሎ አየሩ ውስጡ ይታፈንና እግሩ በትልቅ ሳፋ ወይም በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ ይገባል። አረፋ የሚወጣበት ቦታ በእስክሪብቶ ይከበባል። በርሜል ከሌለ የሳሙና አረፋ ስፌቱ ላይ ተቀብቶ ይታያል።

9. ሲለበስ፣ ሲወልቅ፣ ሲቀመጥ

ከደጋው ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ እሾህና ስለታም ድንጋይ የሞላበት ነው፤ የጎማ ሱሪ በአብዛኛው የሚቀደደውም እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ በጀርባ ታዝሎ ይወረዳል፣ ውሃው ዳር ሲደረስ ይለበሳል፣ ከውሃው ሲወጡ ይወልቃል። ሲለበስ ድንጋይ ላይ ሳይሆን በተነጠፈ ማዳበሪያ ወይም ሸራ ላይ ይቆማል።

የደረት ሱሪ የለበሰ ሰው ቀበቶውን ከወገቡ በላይ አጥብቆ ሳያስር ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። ውሃ የሞላው ሱሪ ሰውን ወደ ታች ይጎትታል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ውሃ በውሃ ውስጥ ክብደት የለውም። አደጋው ሌላ ነው፤ ወራጁ የሞላውን ልብስ ይዞ ይሄዳል፣ ሰውየው ወደ ዳር ሲደርስም ያንን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ መውጣት ያቅተዋል። ቀበቶው ውሃው ከወገብ በታች እንዳይሞላ ያዘገየዋል። የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ወራጁ አቅጣጫ አድርጎ ወደ ዳር ይቀዝፋል። የጭን ቦት የለበሰ ሰው ደግሞ ማሰሪያውን በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ ያስረዋል። ብቻውን የሚያሰግር ሰው ከጭን በላይ ባይገባ ይመረጣል።

ማታ ሱሪው በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ የዓሣ ቅባትና ደለል ጎማውን ይበሉታል። ከዚያ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ በጥላ ይደርቃል። ቦቱ ውስጥ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ጭድ ቢገባበት እርጥበቱን ይመጥለታል፤ ጠዋት ይወጣል። በፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ማድረቅ ሱሪውን በአንድ በጋ ያስረጀዋል። እርጥቡን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታ ያመጣል፤ ብልሃርዚያ ካለበት ውሃ የመጣ ከሆነም በሚቀጥለው ቀን ያንኑ እርጥብ ልብስ መልበስ ዋጋ ያስከፍላል፣ እጩ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላልና። የደረቀው ሱሪ ከቦቶቹ ተይዞ ቁልቁል ይሰቀላል። የሚሰቀለውም ከቆርቆሮው ሙቀት፣ ከጭሱና ከአይጥ ራቅ ባለ ቦታ ነው።

ቀዳዳ ሲገኝ በዚያው ሳምንት ይጠገናል። ቦታው ታጥቦ ይደርቃል፣ በአሸዋ ወረቀት ይሻከራል፣ በቤንዚን ሳይሆን በአልኮል ይጠረጋል፤ ማጣበቂያው በሁለቱም ፊት ስስ ሆኖ ይቀባል፣ እጅ ሲነካው የማይለጠፍ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ከዚያ ልጣፉ ዙሪያውን ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ኖሮት ይጫናል፤ ከባድ ዕቃ ተጭኖበት ያድራል። ማዕዘኑ የተከረከመ ክብ ልጣፍ ከአራት ማዕዘኑ ይልቅ ይቆያል፣ ማዕዘን ቀድሞ ይነሳልና።

የብሽሽቱ ስፌት ሦስተኛ ጊዜ ከተላቀቀ ወይም ልባጡ በብዙ ቦታ መሰንጠቅ ከጀመረ ሱሪው አብቅቷል፤ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ማጣበቂያ አዲስ የጭን ቦት ለመግዛት ቢቀመጥ ይሻላል። የላይኛው ጨርቅ ለልጣፍ ተቆራርጦ ይቀመጣል። ከጉልበት በታች ያለው ክፍል ካልተቀደደ ተቆርጦ ለዋልካ ማሳ ቦት ጫማ ይሆናል።